ትንኟ መርዙን «ለመደችው» ማለት ትክክል ነውን?

ጥያቄ — የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በድሬዳዋ ከተማ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያነት አገለግላለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ቤት ለቤት እየዞሩ የውሃ በርሜልና ጄሪካን መክፈት፣ ውስጡን በባትሪ ማየት፣ እጭ ከተገኘ ውሃውን ማስደፋት፣ ስለ አጎበር አጠቃቀምና ስለ ቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭት ማስረዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማችን የወባ ወረርሽኝ ከተነሣ ወዲህ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ስሟ ባይጠራም ሥራዋ በየቤቱ ይታወቃል። ይህች ትንኝ ቀድሞ በደቡብ እስያና በዓረብ ምድር ትታወቅ የነበረች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በእኛው አገር በቀብሪደሃር ተገኝታለች። እንደ ነባሮቹ የወባ ትንኞች ዝናብና ኩሬ ሳትጠብቅ፣ ሰው ውሃ እንዳይጠፋበት በሚያጠራቅምበት ዕቃ ውስጥ በበጋም ጭምር ትራባለች።

ባለፈው ሳምንት አዴ ከምንላቸው አንዲት ጎረቤቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ስለ ርጭቱ ጨዋታ ተነሣ። አዴም ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይቺ ትንኝ እኮ መርዙን ለመደችው፤ እኛ በርበሬ እንደምንለምደው ትንሽ ትንሽ እየቀመሰች ለመደችው፤ ለልጆቿም አወረሰቻቸው» አሉኝ። ላርማቸው ጀመርኩና መሐል ላይ ቆምኩ፤ ምክንያቱም እኛ ራሳችን በሥልጠናም በሥራም «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ነው የምንለው። ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ትርጉሙንም ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር፤ ነገር ግን አንዲት እናት በራሷ ቃል ስትጠይቀኝ በራሴ ቃል መመለስ አቃተኝ።

ጉልምስናዋ ከጥቂት ሳምንታት የማያልፍ ትንኝ በእርግጥ በዕድሜዋ ውስጥ መርዝ ትለምዳለችን? ካልለመደች ልጆቿ ከየት አመጡት? «ምርጫ» ሲባልስ መራጩ ማን ነው? ለአዴ ሳይዛባ፣ ሳይከብድም የምነግራቸውን ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ምላሽ — የባዮሎጂ መምህር፣ ሐረር

እኅቴ፣ ጥያቄዎ በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር የምታገልበት ጉዳይ በመሆኑ ዘለግ አድርጌ ልመልስ።

አዴ ሁለቱን ነገር አግኝተውታል። የዛሬዎቹ ትንኞች በመርዙ ፊት እንደ ቀደሙት አለመሆናቸው እውነት ነው፤ ይህ ጠባይ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉም እውነት ነው። የሳቱት ለውጡ የሚደርሰው በማን ላይ እንደሆነ ነው፤ መልሱም ራሳቸው ባነሡት በርበሬ ውስጥ አለ። ሃያ ዓመት ሚጥሚጣ የበላ አባት የወለደው ሕፃን በርበሬ የነካው እንጀራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀምስ ያለቅሳል። የአባትየው ምላስ መልመድ በአባትየው ይቀራል እንጂ ለልጁ አይወረስም። አንድ ፍጡር በሕይወት ዘመኑ ያገኘው ልማድ ለልጆቹ ይተላለፋል የሚለው ሐሳብ የአላዋቂ ሐሳብ እንዳልሆነም ይንገሯቸው፤ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1809፣ ዳርዊን በተወለደበት ዓመት፣ የዝርያዎችን መለወጥ ለማስረዳት ከተጠቀመባቸው ሐሳቦች አንዱ ነው። አዴ የደረሱበት ቦታ ታላላቅ ሊቃውንትም ደርሰውበታል።

ታዲያ ልጆቹ ከየት አመጡት? አስቀድሞ ከነበራቸው። በአንድ ሰፈር ያሉ ትንኞች ለእኛ ዓይን አንድ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ዘረመል ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስሕተት ይገባል፤ ሚውቴሽን የምንለው ይህንን ነው። ስሕተቱ መርዝ ስለመጣ ታስቦ አይገባም። አብዛኛው አይጠቅምም፣ አይጎዳምም፤ አንዳንዱ ይጎዳል፤ ጥቂቱ ደግሞ በአጋጣሚ መርዙን የሚያከሽፍ ይሆናል። ዲዲቲም ሆነ በአጎበር ላይ የሚገኘው ፓይረትሮይድ የሚገድለው በትንኟ የነርቭ ሕዋስ ላይ ሶዲየም የሚያሳልፉ ጥቃቅን በሮችን ከፍቶ በመያዝ ነው፤ በሩ እንደተከፈተ ሲቀር ነርቩ ዕረፍት አጥቶ ትንኟ ተንቀጥቅጣ ትወድቃለች። የበሩ ቅርጽ በአንዲት ቅንጣት ብቻ የተለወጠባት ትንኝ ግን መርዙ በሩን አጥብቆ ሊይዝባት ስለማይችል ልትተርፍ ትችላለች። ሌሎች ትንኞች ደግሞ መርዙን በሰውነታቸው ውስጥ የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች በብዛት ያመርታሉ። ሁለቱ መርዞች በአንድ በር የሚገቡ በመሆናቸውም፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዲዲቲ ርጭት ጊዜ የተረፉት ትንኞች የበር ለውጥ በኋላ በመጣው ፓይረትሮይድ ላይም ሊጠቅማቸው ችሏል።

አሁን ቁጥር እናስገባበት፤ ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል ያመጣሁት ነው። በአንድ ሰፈር 1,000 ትንኞች ቢኖሩና 10ሩ ብቻ ይህን ጠባይ ይዘው የተወለዱ ቢሆኑ፣ ርጭቱም ጠባዩ ከሌላቸው ከአሥር ዘጠኙን የሚገድል ቢሆን፣ ከርጭቱ በኋላ ጠባዩ የሌላቸው 99፣ ያላቸው 10 ይቀራሉ። ቀድሞ ከመቶ አንድ የነበረው ድርሻ ወደ ዘጠኝ ያህል ወጣ። የተረፉት ተራብተው እንደገና 1,000 ሲሞሉና ልጆች ወላጆቻቸውን ሲመስሉ፣ ከሁለተኛው ርጭት በኋላ ሁለቱ ወገኖች እኩል ለእኩል ይሆናሉ፤ ከሦስተኛው በኋላ ደግሞ ከተረፉት ከአሥሩ ዘጠኙ የማይሞቱት ናቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲትም ትንኝ አልተለወጠችም። መርዙን መቋቋም የማትችለው አንዲት ቀን እንኳ አልለመደችውም፤ ሞታለች። የምትችለውም ስትወለድ ጀምሮ የምትችል ነበረች። የተለወጠው በሰፈሩ ውስጥ የሁለቱ ወገኖች ድርሻ ነው። ተማሪዎቼ ከትምህርቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዘው ይውጡ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ ግለሰብ ይተርፋል ወይም ይሞታል፣ የሚለወጠው ግን ወገኑ ነው።

ጠባዩ ከመርዙ በፊት እንደነበረ እንዴት ይታወቃል የሚል ቢኖር፣ ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ የተባሉት አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረቡት ሙከራ አለ። ባክቴሪያ በበቀለበት ሳህን ላይ ከፋይ ጨርቅ ጫን አድርገው እንደ ማኅተም አነሡ፤ ያንኑ ጨርቅ መድኃኒት ባለባቸው በርካታ ሳህኖች ላይ በየተራ አተሙ። የማይሞቱት ባክቴሪያዎች በየሳህኑ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ በቀሉ። መድኃኒቱ ለውጡን የሚፈጥረው ቢሆን ኖሮ በየሳህኑ በተለያየ ቦታ በዘፈቀደ በታየ ነበር። መድኃኒት ነክቶት የማያውቀው የመጀመሪያው ሳህን አስቀድሞ እነርሱን ይዞ ነበር ማለት ነው።

መራጩ ማን ነው ላሉት፣ «ምርጫ» የሚለው ቃል አሳሳች መሆኑን አልክድም፤ በአማርኛችን ምርጫ ካለ መራጭ አለ። ዳርዊንም ቃሉን የወሰደው ከእርሻና ከከብት እርባታ ነው፤ እርሱ በተለይ ርግብ አርቢዎችን አስተውሏል። እኛ ደግሞ ማሽላ አለን። የሐረርጌ ገበሬ ሲያጭድ መልካሙን የማሽላ ራስ ለይቶ ለዘር ያስቀምጣል፤ የዱር ማሽላ ፍሬው ሲደርስ መሬት ላይ ይረግፋል፣ የእርሻው ግን አጫጁን ይጠብቃል። ይህ ልዩነት የመጣው ለሺህ ዓመታት ሰው ሳይረግፍ የቆየውን እየሰበሰበ መልሶ ስለዘራ ነው። በማሽላው መራጩ የገበሬው እጅ ነው። በትንኟ ላይ ግን ማንም አስቦ አይመርጥም፤ መርዝ፣ ድርቅ፣ ብርድ፣ በሽታ፣ ረኀብ አንዱን ጥሎ ሌላውን ሲያሳልፍ ውጤቱ እንደ ምርጫ ይሆናል።

ስለ ቃሉ የግል አስተያየቴን ልጨምር። «መላመድ» የሚለው ቃል በሙያው ውስጥ ሥር ሰድዷልና መንቀል አይቻልም፤ ለአዴ ግን «ትንኟ ለመደችው» ከማለት «የማትሞተዋ ዘር በዛች» ቢሏቸው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩ ሁሉ ይገባቸዋል።

ምላሽ — አንባቢ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መምህር፣ ስለ ትንኟ ያስረዱት ገብቶኛል፤ ተቀብዬዋለሁም። ሆኖም ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ከሺህ ርጭት በኋላም ትንኝ ያው ትንኝ ናት፤ ዝንብ አልሆነችም። የድርሻ መለዋወጥ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ዝርያ ሌላ ዝርያ ሆነ ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኔ በእምነቴ የምጸና ሰው ነኝ፤ ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ቅር ይለኛል። ይህንን ለክርክር ሳይሆን በቅንነት ነው የምጠይቀው።

ምላሽ — የባዮሎጂ መምህር፣ ሐረር

ወንድሜ፣ በቅንነት ስለጠየቁ በቅንነት እመልሳለሁ። ስለ እምነትዎ የምለው የለኝም፤ የእኔ ሙያ ነገሩ በምን መንገድ እንደሚሠራ ማስረዳት ነው። ዛሬ በዐለቱ ላይ ከምናየው ዝንጀሮ ሰው መጣ የሚል የሥነ ሕይወት ትምህርት የለም። የሚባለው ሰውና ዝንጀሮ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው፤ የአጎት ልጅዎ አባትዎ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ሁለታችሁም አንድ አያት እንዳላችሁ ማለት ነው።

ዝርያ ከዝርያ እንዴት ይለያል ለሚለው ግን ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ዝንጀሮውን ካነሡ በዝንጀሮው ልጀምር። በእኛ አካባቢ ያለው ሐማድርያስ የተባለው፣ ጎልማሳ ወንዱ ብርማ ጋማ የሚያወጣው ዝንጀሮ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ ኑሮውን ያጠናው እዚሁ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በኤረር ጎታ ነበር። አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ የራቀችበትን አንገቷን ነክሶ ይመልሳል። ወደ አዋሽ ሲሻገሩ ደግሞ አኑቢስ የተባለው፣ ጠጉሩ ወይራማ የሆነ፣ ብዙ ወንዶችና ብዙ ሴቶች ተቀላቅለው የሚኖሩበት ሌላ ዝንጀሮ አለ። መልካቸው ይለያያል፣ የቤተሰብ አኗኗራቸው ይለያያል፤ ብዙ ሊቃውንትም ሁለት ዝርያ ይሏቸዋል። ነገር ግን በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ በሚገናኙበት ቦታ ይዳቀላሉ፤ መልካቸውም ጠባያቸውም በመካከል የሆነ ልጆች ይወልዳሉ፤ ክልሶቹም ራሳቸው ይወልዳሉ። በባቡርም ሆነ በመኪና ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን ስፍራ አልፎታል።

እነዚህ እንስሳት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? የአንድ ወገን ዘር ሆነው ጀምረው ሁለት ለመሆን መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። አንድ ወገን ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በደረቁ ምድር፣ ሌላው እርጥበት ባለው ሲኖር፣ በየቦታው የሚተርፈው የተለያየ ስለሚሆን የድርሻው ለውጥ በየአቅጣጫው ይጠራቀማል። ጊዜው ሲረዝም መዳቀሉ እየቀነሰ ሄዶ ከነጭራሹ ሊቆም ይችላል። ያኔ ሁለት ዝርያ ሆኑ እንላለን፤ ይሁን እንጂ ይህ ቀን ይህ ነው ብሎ ማንም ሊቆርጥ አይችልም፤ ጎሕ ሲቀድ ሌሊቱ ያለቀበትን ቅጽበት እንደማንቆርጠው ነው። ትንኝ ዝንብ እንድትሆንም ማንም አይጠብቅም። ሁለቱም ከአንድ የጥንት ባለ ሁለት ክንፍ ነፍሳት ወገን የተለያዩ ቅርንጫፎች ናቸው፤ የአንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ጫፍ አይሻገርም።

የጠያቂዋ ምላሽ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነገሩኝን ይዤ ትናንት ወደ አዴ ቤት ሄጄ ነበር። ቁጥሩ ይከብዳል ብዬ ስለፈራሁ ወንፊት ተዋስኩና ምስርና ሽምብራ ቀላቀልኩበት፤ ሽምብራው አሥራ አምስት ፍሬ ቢሆን ነው፣ ቀሪው ምስር ነበር። ምስሩን ትንኝ፣ ሽምብራውን የማትሞተዋ ትንኝ፣ ወንፊቱን ርጭት ብዬ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ ስነፋ አብዛኛው ምስር ወረደ፤ በወንፊቱ ላይ በቀረው ልክ ሽምብራውንም ምስሩንም ጨምሬ እንደገና ነፋሁ። በሦስተኛው ጊዜ አዴ እጃቸውን ወንፊቱ ውስጥ ከተው በጣታቸው እየገላለጡ «ሽምብራ ብቻ እኮ ቀረ» አሉ። አንዲት ምስር ወደ ሽምብራነት እንዳልተለወጠች በዓይናቸው አይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ መልመድ አላነሡም።

ነገር ግን አብራን የነበረች አንዲት ወጣት እናት መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ወንፊቱን ብትተዪውስ? ርጭቱ ቢቆም ምስሩ ተመልሶ ይበዛል?» አለችኝ። መልሱን የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ምላሽ — የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት፣ ድሬዳዋ

ጥያቄው የእኔን ሥራ ስለሚነካ ልግባበት። አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም፤ የሚወስነው ያ ጠባይ ባለቤቱን ምን ያህል ያስከፍለዋል የሚለው ነው።

የተመለሰበትን ላስቀድም፤ ነገሩ የተፈጸመው በራሷ በወባ ተሕዋስ ላይ ነው። ክሎሮኪን ለረጅም ዘመን የወባ ዋና መድኃኒት ነበር። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ተሕዋስ የማይሞትበት እየሆነ ሲሄድ፣ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚህ ተሕዋስ ክሎሮኪንን በፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ ፋንሲዳርን በኮአርተም ተካች። ማላዊ ክሎሮኪንን የተወችው ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ተመራማሪዎች በዚያው አገር ወባ ለያዛቸው ሕፃናት ክሎሮኪን ሰጥተው ሲከታተሉ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዳኑ። ክሎሮኪንን የሚያመልጠው ተሕዋስ መድኃኒቱ በሌለበት ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደር ደካማ ነበርና፣ ወንፊቱ ሲነሣ በቁጥር ጥቂት የነበሩት መድኃኒቱ የሚገድላቸው ተሕዋስያን ቀድመውት ተራቡ። በዚህ ምክንያት «ጠንካራ» እና «ብቁ» የሚሉት ቃላት በተፈጥሯዊ ምርጫ ትምህርት ውስጥ ብቻቸውን ሲቆሙ ትርጉም የላቸውም፤ መጠየቅ ያለበት በምን ቦታ፣ በምን ጊዜ ብቁ የሚለው ነው።

ወንፊቱ መድኃኒትና መርዝ ብቻ እንዳልሆነም ላሳያችሁ። ጣት ተወግቶ በአንዲት ጠብታ ደም የሚደረገውን የወባ ፈጣን ምርመራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አብዛኛው ዓይነት የሚሠራው ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን ኤችአርፒ-2 የተባለ ፕሮቲን በመፈለግ ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል ከተሕዋሱ ላይ ተቆርጦ ሲጠፋ ተሕዋሱ መኖሩን ይቀጥላል፤ ምርመራው ግን አያየውም። እኔ ራሴ ትኩሳት ካለበት ሕመምተኛ በወሰድኩት ደም ላይ መመርመሪያው አንድ መስመር ብቻ አሳይቶ «ወባ የለም» ሲል፣ ያንኑ ደም በስላይድ ላይ በጊምዛ ቀልሜ በማይክሮስኮፕ ሳየው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ቀጫጭን ቀለበቶች፣ በየቀለበቱ ጫፍ ላይም እንደ ፈርጥ የተቀመጠች ቀላ ያለች ነጥብ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ልዩነት ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ ዘረመሉ የጠፋባቸው ተሕዋስያን በኢትዮጵያና በኤርትራ መኖራቸው ግን በጥናት የተረጋገጠ ነው። አካሄዱን ልብ በሉ፤ ምርመራው ያያቸው ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቷቸው ይሞታሉ፣ ያላያቸው ደግሞ በሕመምተኛው ደም ውስጥ ቀርተው በትንኝ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራሉ። ተሕዋሱ የመመርመሪያውን አሠራር አያውቅም፣ ለማወቅም አይችልም፤ ሆኖም ብዙ ሕመምተኛ በአንድ ዓይነት መመርመሪያ በታየ ቁጥር የማይታየው ድርሻ ያድጋል። በዚህ ምክንያት ሌላ ፕሮቲን ጨምሮ የሚፈልግ መመርመሪያ መጠቀም አስፈልጓል።

ወደ ትንኟ ልመለስ። ስቴፈንሲ በአገራችን ስትመረመር ለፓይረትሮይድም ለሌሎች የርጭት ኬሚካሎችም የማትበገር ሆና ተገኝታለች። ርጭቱ ቢቆም ምስሩ ይመለሳል ብዬ ለዚያች እናት ቃል ልገባላት አልችልም። ጠባዩ ትንኟን ብዙ የማያስከፍላት ከሆነ ወንፊቱ ከተነሣም በኋላ ለዓመታት በወገኑ ውስጥ ይቆያል። ደግሞም አጎበሩን ሰው ማታ ማታ እየተጠቀመበት ስለሆነ ወንፊቱ ከነጭራሹ አልተነሣም። የርጭት ኬሚካል በየጊዜው በአሠራር ከፊተኛው በሚለይ እንዲቀየር የሚመከረውም ከአንዱ ወንፊት የተረፈችው በሚቀጥለው እንድትወርድ ነው።

እርስዎ በየቤቱ የሚያስከድኑት በርሜል ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በሩ ቢለወጥባትም፣ ኢንዛይሟ ቢበዛም፣ ክዳኑ ወይም በላዩ የታሰረው ጨርቅ ክፍተት ከሌለው የትኛዋም ትንኝ ውሃው ላይ እንቁላሏን መጣል አትችልም። ጨርቅ የሚጠቀሙ ካሉ መሐሉ ረግቦ ውሃ እንዳያቁር አድርገው አወጣጥረው በገመድ ዙሪያውን እንዲያስሩት ያሳዩአቸው። በርሜሉ ሲጎድልም ግድግዳውን አሽተው ይጠቡት።